ባለ 2 ቴራውን ናስ ወደ 8 ቴራ ለማሳደግ፦ ከዲስኩ በፊት ቅጂው

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂው ቤታቸው ሆነው የሠርግና የክርስትና ፎቶና ቪዲዮ ያቀናብራሉ። ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ናስ ላይ ነው፤ ናስ ማለት ሃርድ ዲስኮች የሚይዝ፣ ከቤት ኔትወርክ ጋር የተገናኘ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ነው። የጻፉት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ዲስክ የሚይዝ የሲኖሎጂ ናስ አለኝ። ውስጡ ሁለት ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለ፤ ሬይድ 1 ነው የተደረገው። አምስት ዓመት ሠርቷል። አሁን 94 በመቶ ሞልቷል፤ ዘንድሮ ደግሞ በ4ኬ መቅረጽ ጀምሬያለሁ። አንዱን አውጥቼ ባለ 8 ቴራ ብከትበት 10 ቴራ ይሆንልኛል? ሬይድ ስለሆነ ባክአፕ አያስፈልገውም ብዬ ነው የማስበው፤ ልክ ነኝ? ወዳጄ ከደኅንነት ካሜራ መቅጃ የወጣ ዲስክ በርካሽ ልስጥህ ብሎኛል፤ ይሆናል? በመሃል መብራት ቢሄድስ? ደግሞ ፋይል ስገለብጥ በጣም ይዘገያል፤ አዲስ ዲስክ ያፈጥነዋል?»

10 ቴራ አይሆንም። በሬይድ 1 አንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሁሉ ወዲያውኑ ሌላኛው ላይም ይጻፋል። ሁለት ዲስክ ገዝተው የሚጠቀሙት የአንዱን ቦታ ብቻ ነው። ዲስኮቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ልኩ የትንሹ ነው። ባለ 8ን ከባለ 2 ጋር ቢያጣምሩ ያለዎት ያው 2 ቴራ ነው፤ ቀሪው 6 ቴራ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሁለቱም እስኪቀየሩ ድረስ አንድ ጊጋ እንኳ አይጨምርም። ሁለቱም ባለ 8 ሲሆኑ ናሱ የሚያሳይዎት 7 ቴራ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ሻጩን እንዳይጣሉት። አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 ነው፣ ናሱ በ1,024፤ ትንሽ ቦታም ለራሱ ይይዛል።

ባለ 4 ቴራ አይበቃም ወይ ለሚለው ሒሳቡን እንሥራው። ብዙ ካሜራዎች 4ኬ ሲቀርጹ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ያህል ይጽፋሉ። ይህ በሰዓት 45 ጊጋ ነው። ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ከቀረጸ አንድ ሠርግ 450 ጊጋ ወሰደ ማለት ነው። ወደ ባለ 4 ቢሄዱ የሚጨምርልዎት ቦታ አራት ሠርግ ነው። ለዚህ ሁለት ዲስክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ባለ 8 ከሆነ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሠርግ ጥሬውን እንዳለ ይይዛል። የአንድ ጥር ሥራ ነው እንግዲህ። ስለዚህ የተቀናበረው ሥራና የተመረጠው ፎቶ ናሱ ላይ ይኑር፤ ጥሬው ቪዲዮ ግን ባለቤቶቹ ሥራውን ተረክበው የተስማማችሁበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ይውጣ። ይህን ውል ላይ አስቀድመው ይጻፉት። ሳይነጋገሩ መሰረዝ ጠብ ያመጣል። ሳይሰርዙ መኖር ደግሞ በየዓመቱ ዲስክ ያስገዛል።

አሁን ዋናው ስህተት ጋ እንምጣ። ሬይድ ባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ ተጨማሪ ቅጂ፣ አይደለም። ሬይድ የሚያድንዎት ከአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ዲስክ በድንገት ሲሞት ሥራዎ እንዳይቆም። በስህተት አንድ ፎልደር ቢሰርዙ ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። ቫይረስ ፋይሎቹን ቢቆልፍ ሁለቱም ላይ ይቆልፋል። በክረምት መብረቅ በመስመሩ ቢመጣ፣ ሌባ ዕቃውን ቢያነሳ፣ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ ሁለቱ ዲስኮች ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። የሠርግ ቀን ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። ፎቶው ላይ የመረቁት አያት በቀጣዩ ዓመት ላይኖሩ ይችላሉ። የሰው አደራ ነው የያዙት፤ አደራ ደግሞ በአንድ ሳጥን አይቀመጥም።

ይህ ነገር ዲስክ በሚቀየርበት ሰዓት ይብሳል። አንዱን አሮጌ ዲስክ አውጥተው አዲሱን ሲከቱ፣ ናሱ ከቀረው አሮጌ ዲስክ ላይ ሁሉንም አንብቦ አዲሱ ላይ ይጽፋል። ሪቢልድ የሚሉት ይህን ነው። በእነዚያ ሰዓታት ናሱ ውስጥ ያለው ሙሉ ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አምስት ዓመት የሠራ ዲስክ ላይ። ሁለቱ አሮጌ ዲስኮች አንድ ቀን ተገዝተው፣ እኩል ሰዓት ዞረው፣ እኩል ሙቀት ችለው እዚህ ደርሰዋል። አንዱ ከደከመ ሌላውም ሩቅ አይደለም።

ሌላም አለ። ከአራት ዓመት በፊት የሠሩትን ሠርግ ከዚያ ወዲህ ከፍተውት ላያውቁ ይችላሉ። የተቀመጠበት የዲስኩ ክፍል ተበላሽቶ ከሆነ ማንም አላየውም፤ ናሱም አረንጓዴ መብራት እያበራ ይቀጥላል። ሪቢልድ ግን ሁሉንም ቦታ ያነባል። ተደብቆ የኖረው ጉድ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሪቢልድ ዲስክ ገደለ ሲል ብዙ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ሪቢልዱ የቆየውን ብልሽት አወጣው እንጂ አልፈጠረውም።

ስለዚህ ምንም ሳይነኩ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ።

የመጀመሪያው የዲስኮቹን ጤና ማየት ነው። በናሱ የስቶሬጅ ማኔጀር ገጽ ላይ እያንዳንዱን ዲስክ ይምረጡና ረጅሙን የስማርት ምርመራ (ዲስኩ ራሱን የሚመረምርበትን) ያስነሱ። አጭሩን አይደለም፤ አጭሩ ዲስኩን ዳር ዳሩን ነክቶ ነው የሚመለሰው። ለባለ 2 ቴራ አራት፣ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ አስነስተው ይተኙ። ሲያልቅ ሦስት ቁጥሮችን ይዩ፦ ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198። 5 የሚለው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን ቦታዎች ይቆጥራል። 197 ማንበብ አቅቶት ፍርድ የሚጠብቀውን፣ 198 ደግሞ ጨርሶ ያልተነበበውን። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። ዜሮ ካልሆኑና በየሳምንቱ እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ ሊሄድ ነው። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ በምርመራ የመጀመሪያ የንባብ ስህተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስህተት ከሌለበት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት ዋና ዋናዎቹን የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። ምርመራው ክፉ ከተናገረ ይመኑት። ደህና ነው ካለ ግን በሱ ተማምነው ባክአፑን አይተዉ።

ሁለተኛው ባክአፑ ራሱ ነው። ባለ 4 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙ። በኮምፒዩተር በኩል አይገልብጡ፤ ናሱ የዩኤስቢ ወደብ አለው፤ እዚያው ይሰኩት። ሲኖሎጂ ሃይፐር ባክአፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው፤ ሁሉንም ፎልደር መርጠው ያስጀምሩት። ሲጨርስ «ተሳክቷል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ። ከየዓመቱ ጥቂት ፋይል መልሰው ያውጡና ይክፈቱ። ቪዲዮ ከሆነ መሃሉን ያጫውቱ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ ነው እንጂ ባክአፕ አይደለም። ከዚያ ዲስኩን ነቅለው ሌላ ቤት ያስቀምጡት። ፍኖተ ሰላም ወይ ባሕር ዳር ዘመድ ካለዎት እዚያ ቢሄድ ይመረጣል። በየወሩ አምጥተው አዲሱን ሥራ ይጨምሩበት።

በኢንተርኔት ወደ ደመና ልጫነው ካሉ ደግሞ፣ የሚልኩበት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ቢሆን 2 ቴራ ሳይቋረጥ 18 ቀን ይፈጃል። ለተመረጡት ፎቶዎች ይሆናል። ለሁሉም ግን አይሆንም።

አሁን ስለ ግዢው። ሳጥኑ ላይ 8 ቴራ ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ለናስ አይሆንም። ዲስኮች ዳታ የሚጽፉበት ስልት ሁለት ነው፤ ሲኤምአር እና ኤስኤምአር። በሲኤምአር የዳታው መስመሮች ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በኤስኤምአር ግን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ በጫፍ ተደራርበዋል። ከታች ያለውን አንዱን ለመቀየር ላዩ ያሉትንም አንስቶ መልሶ መምታት ግድ ነው። ለአንድ ሰው ኮምፒዩተር፣ አልፎ አልፎ ለሚጻፍበት፣ ችግሩ አይታይም። ሪቢልድ ላይ ግን ሳያቋርጡ ለሰዓታት ሲጽፉበት ፍጥነቱ ይወድቃል፤ አንዳንዴም ናሱ ዲስኩ ሞተ ብሎ ያስወጣዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ የሚሸጣቸው ከ2 እስከ 6 ቴራ የሆኑ አንዳንድ «ሬድ» ዲስኮች ኤስኤምአር መሆናቸውን ሳይናገር መሸጡ ታውቆ ብዙ ቁጣ ተነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲኤምአሮቹን «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለያቸው። የሲጌት «አይረንዎልፍ»ና የቶሺባ «ኤን 300» ሲኤምአር ናቸው። የሲጌት ባለ 8 ቴራ «ባራኩዳ» ግን ኤስኤምአር ነው፤ ገበያ ላይ ረከስ ብሎ የሚገኘውም እሱ ነው። ለናስዎ አይግዙት።

የናስ ዲስክ ሌላም ልዩነት አለው። ማንበብ ያቃተው ቦታ ሲገጥመው ከጥቂት ሰከንድ ሙከራ በኋላ «አልቻልኩም» ብሎ ለናሱ ያሳውቃል። ናሱም ከሌላኛው ዲስክ ላይ አንብቦ ያስተካክላል። ተራ የኮምፒዩተር ዲስክ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታገል ናሱ መልስ አጣሁ ብሎ ደህናውን ዲስክ ሊያባርረው ይችላል።

የወዳጅዎን ዲስክ አይውሰዱ። የካሜራ መቅጃ ሌት ተቀን ይጽፋል። ሦስት ዓመት የሠራ ከሆነ ከ26,000 ሰዓት በላይ ዞሯል። አምስት ዓመት የሠራ ዲስክ አውጥተው ሦስት ዓመት የደከመ መክተት ነው። ሆኖም ካሜራ የሚገጥሙ ሱቆች ውስጥ አዲስ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ የዌስተርን ዲጂታል «ፐርፕል» ወይም የሲጌት «ስካይሆክ» ካገኙና የናስ ዲስክ ከጠፋ፣ እነሱ ይሠራሉ። ሲኤምአር መሆኑን ግን በሞዴል ቁጥሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

«አዲስ» የሚለው ቃልም ራሱ መጣራት አለበት። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በትልልቅ የዳታ ማዕከላት ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ አዲስ ተብለው ሲሸጡ አውሮፓ ውስጥ ተደርሶባቸዋል። እዚያ ከተደረገ እዚህም ይደረጋል። ዲስኩን ሲረከቡ ከላዩ ያለውን ሲሪያል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ይዩ። የናስ ዲስክ በአብዛኛው የሦስት ዓመት ዋስትና አለው፤ አንድ ዓመት ብቻ ከቀረው ወይም ቁጥሩ ጭራሽ የማይታወቅ ከሆነ ይመልሱት። የብሎን ማሰሪያ ቀዳዳዎቹን አስተውለው ይመልከቱ፤ ተገጥሞ የተፈታ ዲስክ እዚያ ላይ ጭረት አይጠፋበትም። ሁለቱን ዲስክ ከተቻለ ከተለያየ ሱቅ ይግዙ። አንድ ቀን የተመረቱ ወንድማማቾች አንድ ሳምንት ላይ ሲሞቱ ታይተዋል።

ስለ ሲኖሎጂ አንድ ነገር ሰምተው ይሆናል። በ2025 እ.ኤ.አ. አዲስ ያወጣቸው የፕላስ ሞዴሎች የራሱን ዲስክ ብቻ እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በዲኤስኤም 7.3 (የናሱ ሥርዓተ ክወና) ለሃርድ ዲስክ ይህን አንስቷል። የእርስዎ ከዚያ በፊት የተገዛ ስለሆነ ነገሩ አይነካዎትም። ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሻላል ወይ ለሚሉ ደግሞ፣ ባለ 8 ቴራ ኤስኤስዲ ዋጋው ሌላ ነው፤ በቤት ኔትወርክ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን አያዩትም።

ዲስኩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ አመጣጡን ያስቡበት። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ በዓባይ በረሃ አቋርጦ ደጀን እስኪወጣ መንገዱ ያንገጫግጫል። ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሻንጣ ጋር አይታሰር፤ ስፖንጅ ተጠቅልሎ በሰው እጅ ይምጣ። ሲደርስም ወዲያው አይክተቱት። በመንገድ ላይ ብርድና ሙቀት የተፈራረቀበት ዕቃ ውስጡ እርጥበት ሊይዝ ይችላል፤ ማሸጊያው ውስጥ እንዳለ አንድ ሌሊት ይደር።

ስለ ከፍታውም ጥቂት ልበል። የዲስኩ ማንበቢያ ከሚዞረው ሰሌዳ በጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በአየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው። አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፊያው ይቀንሳል። ለዚህ ነው አምራቾች 3,048 ሜትር ድረስ ብለው ወሰን የሚያስቀምጡት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አይስጉ። ጮቄ ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው ግን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ጊዜውን ይምረጡ። ለእርስዎ ሥራ ከዐቢይ ጾም የተሻለ ወቅት የለም። ሠርግ የለም፤ የጥር ወር ሥራም ርክክቡ አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው፤ የክረምቱ መብረቅም ገና ነው። ናሱ ሁለት ሦስት ቀን ቀስ ብሎ ቢሠራ የሚጮህብዎት የለም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ስታቢላይዘር ዩፒኤስ አይደለም። ስታቢላይዘር መብራት ሲዋዥቅ ያስተካክላል፤ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ግን መብራት ሲሄድ በባትሪ ያቆያል። የሚያስፈልግዎት ባለ 650 ቪኤ ያህል ትንሽ ዩፒኤስ ነው፤ ግን የዩኤስቢ ገመድ ያለው። ሁለት ዲስክ ያለው ናስ የሚበላው 20 ዋት ገደማ ስለሆነ ባትሪው ደህና ከሆነ ደቂቃዎች አይቸግሩትም። ገመዱን ከናሱ ጋር ያገናኙና ናሱ ላይ የዩፒኤስ ድጋፍ የሚለውን ያብሩ፤ መብራት ከሄደ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ይዘዙት። ራውተሩን ካልሆነ በስተቀር ሌላ ነገር እዚያ ላይ አይሰኩ፤ ፕሪንተር በጭራሽ። ሪቢልድ ላይ እያለ በሥርዓት የጠፋ ናስ ብዙውን ጊዜ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ድንገት ተነቅሎ የጠፋ ግን ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል፤ የፋይል አደረጃጀቱም ሊጎዳ ይችላል። ያለ ዩፒኤስ ዲስክ መቀየር አልመክርም። ገንዘብ ካጠረ ሁለቱንም ዲስክ ባለ 6 ቴራ አድርገው ዩፒኤሱን ቢጨምሩበት ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚወጣው የትኛው ነው? ምርመራው ላይ የደከመው። ብዙ ሰው «ደህናውን ላትርፍ» ብሎ ደህናውን ያወጣል፤ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። የቀረው ዲስክ ሁሉንም ማንበብ ያለበት ስለሆነ ጠንካራው ውስጥ ይቅር። ሁለቱም እኩል ደህና ከሆኑ ልዩነት የለውም።

ናሱ ሳይጠፋ ዲስክ ማውጣት የሚቻልባቸው ሞዴሎች አሉ። እርስዎ ግን ያጥፉት። በሥርዓት ከጠፋ ናስ የወጣ ዲስክ የዚያን ሰዓት ሙሉ ቅጂ ንጹሕ ሆኖ ይዟል። ሥራው ቢበላሽ መመለሻ ይሆንዎታል። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው፣ የዲስኩም መዞር ድምፅ እስኪቆም ጥቂት ይጠብቁ። ገጹ ላይ ያዩትን ሲሪያል ቁጥር ዲስኩ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ ሳይገጥም እንዳይቀጥሉ፤ የተሳሳተ ዲስክ ማውጣት የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ነው። የወጣው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው «1 ግራ» ብለው ቀኑን ይጻፉበትና ያስቀምጡት። ፎርማት አያድርጉት። ኮምፒዩተር ላይ ቢሰኩት ዊንዶውስ አላውቀውም፣ ፎርማት ላድርገው ይልዎታል፤ እሺ እንዳይሉ። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ግን ይነበባል።

አዲሱን ከትተው ናሱን ሲያበሩት ይጮሃል፤ መብራቱም ቀለሙን ይቀይራል። አይደንግጡ፤ ዲስክ ጎደለኝ ነው የሚለው። ጩኸቱን ከገጹ ላይ ያጥፉና ስቶሬጅ ፑሉ (ዲስኮቹ የተጣመሩበት) ላይ «ሪፔር» የሚለውን ይጫኑ፤ አዲሱን ዲስክ ይምረጡ። ለ2 ቴራ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቁ፤ በመሃል እየተጠቀሙበት ከሆነ የበለጠ። ስለዚህ አይጠቀሙበት። ሲያልቅና ሁኔታው «ሄልዚ» ሲል በአዲሱ ዲስክ ላይ ረጅሙን ምርመራ ያስነሱ። አዲስ ዲስክ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊሞት ይችላል፤ ከሞተም አሮጌው እያለ ይሙት። ለባለ 8 ይህ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ነው። ካለፈ ሁለተኛውን በዚያው መንገድ ይቀይሩ። ሁለተኛው ሪቢልድ ካለቀ በኋላ ቦታው ይሰፋል። በራሱ ካልሰፋ ቮሊዩሙ (ፋይሎቹ ያሉበት ክፍል) ላይ «ኤክስፓንድ» የሚለውን ይጫኑ። የቀረውን 6 ቴራ ማመሳሰሉ ሌላ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ከዚህ መንገድ የሚያስወጣዎት አንድ ነገር ነው። ረጅሙ ምርመራ በሁለቱም አሮጌ ዲስኮች ላይ ስህተት ካሳየ ሪቢልድ አይሞክሩ። ባክአፕዎን ያረጋግጡ፣ ሁለቱንም አሮጌ አንድ ላይ ያውጡ፣ ሁለቱን አዲስ ከትተው ናሱን ከዜሮ ይጫኑና ዳታውን ከኤክስተርናሉ ይመልሱ። የተጠቃሚ ስሞችንና ቅንብሩን እንደገና ማስገባት ያለፋል፤ ዳታው ግን ከታመመ ዲስክ አፍ ላይ አይንጠለጠልም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ አንድ በአንድ መቀየሩን ነው የምመክረው።

የፍጥነቱ ጥያቄ። አዲስ ዲስክ አያፈጥነውም። አሁን ያሉት አሮጌ ዲስኮችም በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት አይከብዳቸውም። ማነቆው መንገዱ ላይ ነው። በዋይፋይ ከሆነ የሚገለብጡት በገመድ ያድርጉት። በገመድም ሆኖ በሰከንድ ከ11 ሜጋ ባይት ካላለፈ፣ የራውተሩ ወደብ ባለ 100 ሜጋ ቢት ነው ወይም ገመዱ ተጎድቷል። በዚያ ፍጥነት 2 ቴራ መገልበጥ ሁለት ቀን ያልፋል፤ በጊጋ ቢት ደግሞ አምስት ሰዓት። ትንሽ የጊጋ ቢት ስዊች ገዝተው ናሱንና ኮምፒዩተሩን እሱ ላይ ቢያገናኙ ከየትኛውም ዲስክ በላይ ለውጥ ያያሉ።

ሁለቱን አሮጌ ዲስኮች አንድ ወር ሳይነኩ ያቆዩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲሶቹ ዲስኮች የገቡበት ናስ ላይ የድሮ ሥራዎችን ከፍተው ይዩ። ከዚያ ምርመራውን በደህና ያለፈው ዲስክ ለጥሬ ቪዲዮ ተጨማሪ ቅጂ ይሆናል፤ ብቸኛ ቅጂ ግን አያድርጉት። የደከመውን አይሽጡ፣ ለሰውም አይስጡ። ውስጡ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ሠርግ አለ፤ ፈጣኑ ፎርማት ዝርዝሩን እንጂ ዳታውን አያጠፋም። ዲስኩ አሁንም የሚጻፍበት ከሆነ በዊንዶውስ ክፍልፋዮቹን አጥፍተው «ኩዊክ ፎርማት» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ያንሱና ሙሉውን ፎርማት ያድርጉት። የማይጻፍበት ከሆነ ክዳኑን ፈተው ሰሌዳዎቹን በመዶሻ ይስበሩ፤ አንዳንዶቹ መስታወት ስለሆኑ ጨርቅ ጠቅልለውበት፣ ዓይንዎን ሸፍነው።